በሳምንት 4 ሰከንድ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

የተከበሩ አዘጋጅ፣

ጤና ይስጥልን። በወጣቶች ዓምዳችሁ ላይ በትልልቅ የውጭ ፊልም ስቱዲዮዎች ስለሚሠሩ የገጸ ባሕርይ አኒሜተሮች፣ ማለትም የአኒሜሽን ፊልም ገጸ ባሕርያትን ስለሚያንቀሳቅሱ ባለሙያዎች፣ ያወጣችሁትን ጽሑፍ አንብበነዋል። ጉዳዩን ማንሳታችሁ ደግ ነው፤ ስለዚህ ሙያ በአማርኛ የሚጻፍ ነገር እምብዛም አይገኝም። ሆኖም ሦስት ነገር ተሳስቶ ወጥቷል። ሥዕል የሚችል ልጅ አኒሜተር ይሆናል ብላችኋል፤ ከአንዱ አቋም እስከ ሌላው ያለውን እንቅስቃሴ ኮምፒውተሩ ራሱ ይሞላዋል ብላችኋል፤ ሶፍትዌሩን በ3 ወር ተምሮ ሥራ መያዝ ይቻላል ብላችኋል። ሦስቱም እዚህ ደብረ ብርሃን ምሰሶ ላይ ከሚለጠፉት የሥልጠና ማስታወቂያዎች ጋር ቃል በቃል ይገጥማሉ። ከመንዝም ይሁን ከመርሐቤቴ በግ ሸጦ ልጁን የሚያስመዘግብ ወላጅ፣ ጋዜጣ ላይ ሲያገኘው ማስታወቂያውን ማመኑ አይቀርም። ስለዚህ ሥራው ምን እንደሚመስል በዝርዝር ጽፈን ልከናል። ከረዘመባችሁ ቁረጡት፤ ስለ አፍ እንቅስቃሴ ያልነውን ግን አትንኩብን።

ከሥዕሉ እንጀምር። በእጅ ይሣል በነበረበት ዘመን ያላችሁት እውነት ነበር። በዲዝኒ ቤት አንድ ገጸ ባሕርይ ለአንድ መሪ አኒሜተር ይሰጥ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1994 በወጣው «ዘ ላየን ኪንግ» ውስጥ ስካር የተባለውን ክፉ አንበሳ የመራው አንድሪያስ ዴጃ ነው። በ1995 «ቶይ ስቶሪ» ሙሉ በሙሉ በኮምፒውተር የተሠራ የመጀመሪያው ረጅም ፊልም ሆኖ ከወጣ ወዲህ ግን አሠራሩ ተለወጠ። ዛሬ አኒሜተሩ ገጸ ባሕርይውን አይስለውም። ዲዛይነሩ ስሎታል፣ ሞዴለሩ ቀርጾታል፣ ሪገሩ አጥንትና መቆጣጠሪያ አስገብቶለታል፣ ተዋናዩ ድምፁን ቀድሞ ቀድቶታል፣ የሌይአውት ክፍሉ ካሜራውን ተክሏል። አኒሜተሩ የሚረከበው በድን አሻንጉሊት፣ የተቀዳ ድምፅና የፍሬም፣ ማለትም ፊልሙን የሚሠሩት ነጠላ ምስሎች፣ ቁጥር ነው። አሻንጉሊቱም ቀላል አይምሰላችሁ፤ የ«ቶይ ስቶሪ»ው ዉዲ ያኔ እንኳ ከ700 በላይ መቆጣጠሪያዎች ነበሩት፣ ከ200 በላይ የሚሆኑት ፊቱ ላይ ናቸው። በዚህ አሻንጉሊት መተወን ነው እንግዲህ ሥራው። ሥዕል መቻል አይጎዳም፤ አቋም ለማሰብ ግን የክብሪት እንጨት የመሰለ ሰው መሞነጫጨር ይበቃል።

የፊልም አንድ ሰከንድ 24 ፍሬም ነው። 90 ደቂቃ የሚፈጅ ፊልም 5400 ሰከንድ፣ ማለትም 129,600 ፍሬም ይሆናል። በትልቅ ስቱዲዮ አንድ አኒሜተር ሳምንቱ ከቀናው ከ3 እስከ 5 ሰከንድ የተጠናቀቀ ሥራ ያስረክባል። ለቴሌቪዥን በሚሠራ ቤት 20 ሰከንድና ከዚያ በላይ ይጠየቃል፤ ጥራቱም እንደዚያው ነው። በሳምንት 4 ሰከንድ ብለን ብናሰላ፣ ያንን ፊልም አንድ ሰው ብቻውን ቢይዘው 1350 ሳምንት፣ 26 ዓመት ገደማ ይፈጅበታል። በአንድ ፊልም ላይ በአሥር የሚቆጠሩ አኒሜተሮች የሚሰለፉት ለዚህ ነው። ሰዎች እርስ በርስ የሚነካኩበት ሾት (ሳይቆረጥ የሚታይ አንድ የፊልም ቁራጭ) ደግሞ ሌላ ፈተና ነው፤ የአንዱ እጅ ሲንቀሳቀስ የሌላው ትከሻ መታረም አለበት። ጉንጭ ለጉንጭ ሦስቴ የሚሳሳሙ ሁለት ሐበሾች ያሉበት ሾት ቢመጣ፣ ክፍሉ በሙሉ የሕመም ፈቃድ የሚጠይቅ ይመስለናል።

አንድ ሾት ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እንከተል። እናት እንስራ ውሃ አዝላ ከምንጭ ትመጣለች፤ ደጃፉ ላይ አውርዳው ቀና ስትል ልጇን ታያለች፤ «መጣህ?» ትላለች። 4 ሰከንድ፣ 96 ፍሬም። ብዙ ስቱዲዮዎች ቁጥሩን ከ1001 ስለሚጀምሩ ይኸኛው ከ1001 እስከ 1096 ይሆናል። ከ1 የማይጀምሩበት ምክንያት አለ፤ የልብስና የፀጉር ክፍሉ ከሾቱ በፊት የመንደርደሪያ ፍሬሞች ይፈልጋል፣ ከዜሮ በታች ቁጥር ውስጥ ከመግባት ከፍ ብሎ መነሣት ይሻላል።

ዳይሬክተሩ ሾቱን ሲያስረክብ ስለ እጅና እግር አያወራም። «መጣህ?» የደስታ ነው፣ የወቀሳ ነው፣ ወይስ ቀኑን ሙሉ ስትጠብቀው የዋለች ሴት ድካም ነው? ይህንን ነው የሚነግረው። አኒሜተሩ ያልገባውን እዚያው ካልጠየቀ በሁለተኛው ሳምንት ዋጋውን ይከፍላል።

ከዚያ ድምፁን ደጋግሞ ያዳምጥና ራሱን በስልክ ይቀርጻል። እዚህ ላይ ሁለት ስሕተት ይዘወተራል። አንዱ ባዶ ጀሪካን አዝሎ መቀረጽ ነው። 20 ሊትር ውሃ 20 ኪሎ ነው፤ ባዶውን ያዘለ ሰው ከባድ ለማስመሰል ፊቱን ያጨማድዳል፣ ዳሌው ግን ያጋልጠዋል። ሞልታችሁ ተሸከሙ። ሁለተኛው የስልኩ ፍጥነት ነው። አብዛኛው ስልክ በሰከንድ 30 ፍሬም ይቀርጻል። ቪዲዮውን ሳይለውጡ ፍሬም በፍሬም 24 ላይ ካስቀመጡት፣ 1 ሰከንድ የፈጀው ማውረድ 30 ፍሬም ይዞ 1 ሰከንድ ከሩብ ይሆናል። ተማሪው ግን ከቪዲዮው ጋር ነጥብ በነጥብ ይገጥማል ብሎ ይምላል፤ መግጠሙንስ ይገጥማል።

ቀጥሎ ብሎኪንግ ነው። ለዚህች 4 ሰከንድ ከ8 እስከ 12 ዋና ዋና አቋሞች ይበቃሉ፤ ገጸ ባሕርይዋ በአንዱ አቋም ትቆምና ወደሚቀጥለው ዘላ ትሄዳለች፣ በመካከል ምንም የለም። እንስራ በጀርባ ይታዘላል፣ ገመዱ በደረት ያልፋል። ሸክሙ ወደ ኋላ ስለሚስባት ሴትየዋ ከዳሌዋ ጀምራ ወደ ፊት ታጎነብሳለች፣ የእሷና የእንስራው የጋራ ሚዛን እግሯ ላይ እስኪያርፍ ድረስ። ጀማሪ ግን ወገቧን ትንሽ ያጎብጥና ሌላውን እንዳለ ይተወዋል፤ ያኔ ወደ ኋላ ልትገለበጥ ያለች ትመስላለች። እርምጃዋ ያጥራል፣ ሁለቱም እግሮቿ መሬት ላይ አብረው የሚቆዩበት ጊዜ ይረዝማል። ባዶ እጁን ለሚሄድ ሰው አንድ እርምጃ 12 ፍሬም ገደማ ነው፤ ለእሷ ከ16 እስከ 20 ይሰጣታል። ስታወርድ ጉልበቷ ቀድሞ ይታጠፋል፣ ዳሌዋ ይከተላል፣ እንስራው መሬት ሲነካ ገመዱ ይላላል። ሸክም የለቀቀው ሰውነት ወዲያው አይቃናም። 3 ወይም 4 ፍሬም ይዘገይና ከሚቆምበት ቦታ ትንሽ አልፎ ወደ ላይ ይመጣል፣ ከዚያ ይረጋል። ተመልካቹ «እንዴት ከብዷት ኖሯል» የሚለው በዚያች ትንሽ ማለፍ ነው።

ብሎኪንጉ እንዳለቀ ለዳይሬክተሩ ይታያል። በየዕለቱ ያልተጠናቀቀ ሥራ በስክሪን ላይ የሚታይበትና አስተያየት የሚሰጥበት ስብሰባ አለ፤ ዴይሊስ ይሉታል። አዲስ የገባ ሰው ሾቱ እስኪያምርለት ደብቆ ማቆየት ይወዳል። ይሉኝታም አለበት። ዳይሬክተሩ «ቀና ከማለቷ በፊት ልጇን በጎን ትየው» ቢል፣ በብሎኪንግ ላይ የአንድ ሰዓት እርማት ነው፤ በመጨረሻው ማጥሪያ ላይ ግን ሳምንቱ ገደል ገባ ማለት ነው።

አሁን ወደ ሁለተኛው ስሕተት እንምጣ። ስፕላይን የተባለውን ሲጫኑት ኮምፒውተሩ በአቋሞቹ መካከል ያለውን በእርግጥ ይሞላዋል። የሚሞላው ግን ክብደት ሳያውቅ ነው፤ ለእሱ እንስራም ላባም አንድ ናቸው። ትናንት ያማረ የነበረው ሾት ዛሬ ውሃ ውስጥ የሚንሳፈፍ ይመስላል። መሬት የረገጠው እግር ደብረ ብርሃን የጠዋት ውርጭ ላይ እንደቆመ ይንሸራተታል፤ ምክንያቱ እኩል ዋጋ ባላቸው ሁለት ቁልፎች (አቋም በተመዘገበባቸው ፍሬሞች) መካከል እንቅስቃሴውን የሚያሳየው ኩርባ አብጦ ማለፉ ነው፣ የኩርባውን እጀታዎች ጠፍጣፋ ማድረግ ያስተካክለዋል። ጉልበቷ ሊቃና ሲል ድንገት ይፈናጠራል፤ ዳሌዋ ከመጠን በላይ ከፍ ብሎ እግሯ ተወጥሮ ስላለቀ ነው፣ ዳሌውን በትንሹ ዝቅ ማድረግ ነው። ሁለቱ እጆቿ እኩል ተነሥተው እኩል ይቆማሉ። ከሁሉ የሚብሰው ግን መላ ሰውነቷ በአንድ ፍሬም ተነሥቶ በአንድ ፍሬም መቆሙ ነው።

ይህን የመጨረሻውን ለማስረዳት ከጅራፍ የተሻለ መምህር አናውቅም። ለቡሄ ጅራፍ ያጮኸ ልጅ ነገሩን በእጁ ያውቀዋል። መጀመሪያ ክንዱ ይሄዳል፣ ከዚያ የእጁ አንጓ፤ ገመዱ ወደ ኋላ ቀርቶ ይከተላል። እጁ ቆሞ ወደ ኋላ መመለስ ሲጀምር ጫፉ ገና ወደ ፊት እየበረረ ነው፤ የሚጮኸውም ያኔ፣ የጫፉ ፍጥነት ከድምፅ ፍጥነት ሲያልፍ ነው። የሰው ክንድም እንዲሁ ነው፤ ትከሻ ይጀምራል፣ ክርን ይከተላል፣ አንጓ ይቀጥላል፣ ጣቶች መጨረሻ ይደርሳሉ፣ እያንዳንዱም ከ1 እስከ 3 ፍሬም ዘግይቶ። ብሎኪንግ ላይ ሁሉም መቆጣጠሪያ በአንድ ፍሬም ስለሚቆለፍ ኮምፒውተሩ አብሮ ያስነሣቸዋል፣ አብሮ ያቆማቸዋል። አኒሜተሩ ተቀምጦ የክርኑን ቁልፍ 1፣ የአንጓውን 2፣ የጣቶቹን 3 ፍሬም ያዘገያል። ሲበዛም ይበላሻል፤ አጥንት የሌለው የተቀቀለ ፓስታ ይሆናል። እንስራ የሚያወርድ ክንድ ደግሞ ሸክም ላይ ስለሆነ መዘግየቱ ትንሽ ነው፤ ልጇን ስታይ ባዶ የሚሆነው ያው ክንድ ግን ላላ ማለት አለበት። የዲዝኒዎቹ ፍራንክ ቶማስና ኦሊ ጆንስተን እ.ኤ.አ. በ1981 በጽሑፍ ያሰፈሯቸው 12 የአኒሜሽን መርሖች ውስጥ አንዱ ይኸው የጅራፍ ነገር ነው።

ነጠላዋን አኒሜተሩ አይነካውም፤ ሌላ ክፍል በስሌት ያንቀሳቅሰዋል። ግን አኒሜተሩ ክንዷን ከጎኗ ጋር አጣብቆ ካሳለፈው፣ ነጠላው በሁለት አካል መካከል ይጨፈለቅና ስሌቱ መውጫ አጥቶ ጨርቁ ይፈነዳል። ሾቱም ተመልሶ ይመጣል። በክንድና በጎን መካከል ሁልጊዜ የጨርቅ ቦታ ይተዉ።

ስለ አፍ። ቪዲዮ ላይ የምታገኟቸው ትምህርቶች አብዛኞቹ የእንግሊዝኛን አፍ ነው የሚያስተምሩት። ያንን የአፍ ቅርጾች ገበታ እንዳለ ለአማርኛ ማስታወቂያ ወይም ለልጆች ዝግጅት የገለበጠ ሰው፣ አፉ ከቃሉ ጋር የተጣላ ገጸ ባሕርይ ያወጣል። የእኛ ፊደል ራሱ ጥሩ መነሻ ነው። ካዕብና ሳብዕ ከንፈር ያሞጠሙጣሉ፤ ሣልስና ኃምስ ወደ ጎን ይለጥጣሉ፤ ራብዕ መንጋጋ ያወርዳል፤ ግዕዙ በመጠኑ ይከፍታል፤ ሳድስ ከንፈርን እምብዛም አያንቀሳቅስም። ጀማሪ ለእያንዳንዱ ፊደል አፍ ይከፍትለታል። «ትምህርት» የሚለውን ቃል መስተዋት ፊት በሉት፤ ሁሉም ሳድስ ስለሆነ ከንፈር የሚሠራው ም ላይ ገጥሞ መላቀቅ ብቻ ነው። «ቋንቋ» ግን ሁለት ጊዜ ሞጥሞጥ ብሎ ይከፈታል፤ ሞጥሞጡ ከጠፋ «ቃንቃ» ይሆናል።

መ፣ በ፣ ፐና ጰ ከንፈር ያስገጥማሉ፤ ፈ የታችኛውን ከንፈር ወደ ላይኛው ጥርስ ይወስዳል። አብዛኛው ሰው የሚስተው ቀጥሎ ያለውን ነው። በአናባቢዎች መካከል የገባ ላልቶ የሚነገር በ ሙሉ በሙሉ አይገጥምም፤ ከንፈሮቹ ተቀራርበው ይተላለፋሉ። ሲጠብቅ ግን ጥርቅም ብሎ ይዘጋል። «እሱ ሥጋ ይበላል» እና «ሥጋው ይበላል» ብላችሁ በመስተዋት ተመልከቱ፤ በመጀመሪያው ከንፈር ዳስሶ ያልፋል፣ በሁለተኛው ተገጥሞ ይቆያል። «ይመታል»ም እንዲሁ ነው፤ ላልቶ ከሆነ ከንፈር 2 ፍሬም ገደማ ይገጥማል፣ ጠብቆ ከሆነ 4። ወረቀት ላይ አይለይም፤ አፍ ላይ ግን ይታያል። ስለዚህ አኒሜተሩ ከጽሑፉ ሳይሆን ከድምፁ መሥራት አለበት፤ ጽሑፉን ብቻ ይዞ የሠራ ሰው መቺውን ተመቺ ያደርገዋል። የአፉ ቅርጽ ከድምፁ 1 ወይም 2 ፍሬም ይቅደም፤ ከኋላ ከመጣ ፊልሙ በሌላ ቋንቋ የተተረጎመ ይመስላል። ለመግጠም ደግሞ ከ2 ፍሬም በታች አትስጡ፣ ዓይን አያየውም።

በዚያው ሳለን፣ ትንፋሽ ወደ ውስጥ ስቦ «እ» እያሉ መስማማት የምንለው ነገር አለ። ቅንድብ ከፍ ይላል፣ ደረት በትንሹ ይነሣል፣ አፍ ሳይከፈት አይቀርም። ለእኛ አዎ ማለት ነው፤ ለውጭ ሱፐርቫይዘር ግን ሴትየዋ የደነገጠች ትመስለዋለች። እንዲህ ያለውን ዴይሊስ ላይ አስቀድሞ መናገር ነው።

ወደ እናትየው እንመለስ። «መጣህ?» ከማለቷ በፊት ዓይኗ ልጁን ያገኘዋል፤ ራሷ ከ2 እስከ 4 ፍሬም ዘግይቶ ይዞራል፣ በመሐሉ ዓይኗ ይከደናል። ዓይን አንዴ ተከድኖ እስኪከፈት ከ6 እስከ 8 ፍሬም ይፈጃል፤ መዝጋቱ ፈጠን፣ መክፈቱ ዘግየት ይላል። ከዚያ መ ላይ ከንፈሯ ይገጥማል፣ ጣ ላይ መንጋጋዋ ይወርዳል፣ ህ ትንፋሽ ብቻ ነው። ቃሉ አለቀ ማለት ግን ሾቱ አለቀ ማለት አይደለም። ወቀሳ ከሆነ ዓይኗ ልጁ ላይ ተተክሎ ይቀራል፤ ደስታ ከሆነ ከፊቱ ወደ እግሩ ወርዶ ይመለሳል፣ ከስቶ እንደሆነ ልታይ። ስቱዲዮ ደመወዝ የሚከፍለው ለዚህ ነው።

3 ወር ያላችሁትን በተመለከተ። በ3 ወር የሶፍትዌሩን ቁልፎች ማወቅ ይቻላል። እንቅስቃሴ ግን ከኳስ ይጀምራል። ከ1 ሜትር የተለቀቀ ኳስ መሬት ለመድረስ 11 ፍሬም ገደማ ይፈጅበታል፤ ከ4 ሜትር ሲለቀቅ 22። ከፍታው አራት እጥፍ ሲሆን ጊዜው እጥፍ ብቻ ነው የሚሆነው፤ ይህን የማያውቅ ሰው የሚያወጣው ግዙፍ ፍጡር አሻንጉሊት ይመስላል። ከኳስ ቀጥሎ ጅራት ያለው ኳስ፣ ከዚያ የእግር ጉዞ፣ ከዚያ ሸክም ማንሳት፣ በመጨረሻ 10 ሰከንድ ድምፅ ላይ ትወና። በየቀኑ ለሚሠራና ሥራውን የሚያርምለት ሰው ላገኘ ልጅ እንኳ ከአንድ ዓመት ተኩል እስከ ሁለት ዓመት ይወስዳል ባዮች ነን። የሰሜን ሸዋ ልጅ ደግሞ ከተማ ውስጥ የተዘጋ ተማሪ የሌለው ነገር አለው። የደብረ ብርሃን የጋሪ ፈረስ ሶምሶማ ሲሄድ የፊት ቀኙና የኋላ ግራው አብረው ይነሣሉ፤ በዝግታ ሲሄድ ግን አራቱም በየተራ ያርፋሉ። ጓሳ ላይ ያለው ጭላዳ ተቀምጦ በሁለት እጁ ሣር እየነጨ፣ ሳይነሣ በመቀመጫው እየተንፏቀቀ ወደሚቀጥለው ሣር ይሄዳል፤ ሲቆጣ የላይኛውን ከንፈሩን ገልብጦ ድዱን ያሳያል። ጭላዳን በውሻ አካሄድ የሚያስሮጥ ሪል (የሥራ ናሙና ቪዲዮ) ስናይ እናዝናለን።

ኮምፒውተሩ የሚታሰበውን ያህል እንቅፋት አይደለም። ብሌንደር የተባለው የአኒሜሽን ሶፍትዌር በነፃ ይገኛል፤ በ2025 የአካዳሚ ሽልማት ያገኘው የላትቪያ ፊልም «ፍሎው» የተሠራው በእሱ ነው። 8 ጊጋባይት ሚሞሪ ዝቅተኛው ነው፣ 16 ቢሆን ይመረጣል። ደካማ ላፕቶፕ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። ብሌንደር ሳይነካ ሲተው እያንዳንዱን ፍሬም ለማሳየት ስለሚጥር፣ ማሽኑ ካልቻለ በ24 ፈንታ በ11 ወይም በ12 ያጫውታል፤ ቁጥሩ ከላይ በግራ በቀይ ይጻፋል። ተማሪው እንቅስቃሴው የዘገየ መስሎት ያፈጥነዋል፤ ቪዲዮ ሆኖ ሲወጣ ሁሉም ሰው አይጥ ያየች ድመት ይሆናል። ማጫወቻውን ፍሬም እንዲዘል አድርጉት፣ ወይም ትንሽ ቪዲዮ አውጥታችሁ በስልክ ተመልከቱ። መብራት ሲሄድ ደግሞ ብሌንደር በየ2 ደቂቃው የሚያስቀምጠው ቅጂ ያድናል፤ ቢሆንም ፋይሉን 01፣ 02፣ 03 እያሉ አዲስ ስም መስጠት ይለመድ። ትልልቆቹ ስቱዲዮዎች በብዛት ማያ የተባለውን ሶፍትዌር ይጠቀማሉ፣ የ«ቶይ ስቶሪ»ው ስቱዲዮ ፒክሳር ፕሬስቶ የተባለ የራሱ አለው። እንቅስቃሴ የገባው ሰው ቁልፎቹን በጥቂት ሳምንት ይለምዳቸዋል።

ስቱዲዮ የሚያየው ዲሞ ሪል ነው። 1 ደቂቃ ይበቃል፣ ከ1 ደቂቃ ተኩል አይለፍ። ምርጡ ሾት መጀመሪያ ይግባ፤ ደካማው ሾት ቢወጣ እንጂ ቢጨመር አይጠቅምም፣ አይተው የሚገምቷችሁ በእሱ ነው። ፍንዳታ፣ ሕንፃ፣ የሚሽከረከር ስም አታስገቡ። በቡድን የተሠራ ካለ የእናንተ ድርሻ የትኛው እንደሆነ ከሥሩ ይጻፍ። የተሳካለት በልምምድ ይገባል፤ መጀመሪያ የሚሰጠው የሕዝብ ጭፍራ፣ ከኋላ የሚታይ ጭንቅላት፣ የሌላ ሰው ሾት ላይ የተረሳ ጣት ማረም ነው። ከዚያ አኒሜተር፣ ሲኒየር፣ ሊድ (የቡድን መሪ)፣ ሱፐርቫይዘር እያለ ይሄዳል። ብዙ ጥሩ አኒሜተር ሊድ መሆን አይፈልግም፤ ስብሰባ ይበዛበትና ሾት ያጣል።

ቅጥሩ በአብዛኛው በፊልም ልክ ነው፤ ፊልሙ ሲያልቅ ውሉም ያልቃል። ቋሚ የሚባሉትም አይተርፉም፤ ፒክሳር በግንቦት 2024 ከሠራተኞቹ 14 በመቶ የሚሆኑትን ቀንሷል። ለቅጥር ስቱዲዮው ዲፕሎማ አይጠይቅ ይሆናል፤ የቪዛ መሥሪያ ቤት ግን ይጠይቃል። የአሜሪካው ኤች-1ቢ የሥራ ቪዛ ዲግሪ ወይም ተመጣጣኙን ይፈልጋል፣ ለዓመት የተመደበው 85,000 ስለሆነ በዕጣ ነው የሚሰጠው። «ትምህርቱን ትቶ አኒሜሽን ይማር» የሚል ምክር የሰጠ ሰው ይህን አልነገራችሁም። በአህጉራችን ያለ ካስፈለገ ኬፕታውን ላይ እ.ኤ.አ. በ1996 የተመሠረተው ትሪገርፊሽ ስቱዲዮ አለ። የእጅ አንጓ ሕመምም የዚህ ሙያ ነው፤ ማውስን በብዕር መለወጥና በየሰዓቱ መነሣት ገና ሲጀመር ይለመድ።

ልጁን ሊያስመዘግብ የመጣ ወላጅ አሠልጣኙን እንዲህ ይጠይቅ፦ የተማሪ ሥራ ድምፁ ተዘግቶ አሳየኝ፤ ሳይሰማ ምን እንደሆነ ይገባል ወይ? አንድ ሾት ስንት ጊዜ ይታረማል፣ የሚያርመውስ ማነው? ኳሱ ላይ ስንት ሳምንት ትቆያላችሁ? በአማርኛ ድምፅ ላይ ታሠራላችሁ? መልሱ የሶፍትዌር ስም ዝርዝር ከሆነ በጉ ገና ካልተሸጠ አይሸጥ።

ለእናንተ ደግሞ አንድ ልመና አለን። በጽሑፋችሁ ርእስ ላይ «የካርቱን ሠዓሊ» ያላችሁት በሚቀጥለው እትም «የገጸ ባሕርይ አኒሜተር» ተብሎ ይታረምልን።

ከአክብሮት ጋር
በአኒሜሽን ሥራ ላይ የምንገኝ ባለሙያዎች
ደብረ ብርሃን፣ ሰሜን ሸዋ